ግቢው አንድ፣ ቤቱ ሁለት

ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ያለውን ላፕቶፕ እስቲ አንድ ጊዜ ያስቡት። ምናልባት ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት የተገዛ ነው፤ ወይም ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት የመጣ። ቀን የቢሮ ሥራ ይሠራበታል፣ ከትምህርት ቤት መልስ ልጆች የቤት ሥራና ጌም ይሻሙበታል፣ ማታ ፊልም ይታይበታል። የሠርጉ ቪዲዮ፣ የልጆቹ የልደት ፎቶ፣ ስካን የተደረጉት የባንክና የቤት ሰነዶች ሁሉም እዚያው ናቸው። ሲከፍቱት ግን ቡናው ፈልቶ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ ይንደፋደፋል።

ይህ ላፕቶፕ የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አላቆመም፣ በዚህ ምክንያት አያቆምምም። የቆመው በየወሩ ይመጣ የነበረው የደህንነት ጥገና ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል ማለት ነው። ለግል ተጠቃሚዎች ጥገናውን በአንድ ዓመት የሚያራዝም ፕሮግራም ወጥቷል፤ እሱም ቢሆን ጊዜ መግዣ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

«ታዲያ ወደ ዊንዶውስ 11 አሳድገዋለኋ!» ይሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። በኢንቴል ፕሮሰሰር በኩል ደግሞ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን አይቀበልም። መርካቶም ሆነ ቦሌ ላፕቶፕ ሲገዙ ሻጩ «ኮር አይ 5፣ 6ኛ ጄኔሬሽን» ብሎ የሸጠልዎት ማሽን፣ ምንም ያህል ደህና ቢሆን፣ በይፋ በሩ ተዘግቶበታል።

አዲስ መግዛት አንዱ አማራጭ ነው። የዛሬውን የላፕቶፕ ዋጋ ለሚያውቅ ቤተሰብ ግን ይህ ቀላል ምክር አይደለም። ሌላው አማራጭ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ነው፤ ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው። በዚህ ወር ላወራዎት የፈለግሁት ስለ ሦስተኛው ነው፦ ዊንዶውሱን ሳይነኩ፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማስገባት። ባለሙያዎቹ «ዱዋል ቡት» ይሉታል።

ነገሩን በከተማችን ቋንቋ ላስረዳዎት። ግቢዎ ውስጥ ዋና ቤት አለ። ከጎኑ ባዶ ቦታ ከልለው ሰርቪስ ይሠራሉ። የውጭው በር አንድ ነው፣ ውኃውም መብራቱም አንድ ነው፣ ቤቶቹ ግን የየራሳቸው ቁልፍ፣ የየራሳቸው ዕቃ አላቸው። ዱዋል ቡትም እንደዚሁ ነው። ኮምፒውተሩን ሲያበሩ በሩ ላይ ቆሞ «የትኛው ቤት ልውሰድዎት?» ብሎ ይጠይቅዎታል። በአንድ ጊዜ ግን አንዱ ቤት ውስጥ ብቻ ነው መሆን የሚችሉት፤ ወደ ሌላው ለመሄድ ሪስታርት ማድረግ የግድ ነው።

ሁለተኛው ቤት ብዙውን ጊዜ ሊኑክስ ነው። ሊኑክስን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ21 ዓመት ፊንላንዳዊ ነው፤ ዘመኑም በአውሮፓውያን 1991 ነበር። ስሙ እንግዳ ከሆነብዎት ኪስዎን ይፈትሹ፤ አንድሮይድ ስልክ ከያዙ የስልክዎ እምብርት ሊኑክስ ነው። ለቤት ኮምፒውተር የሚሆኑ ብዙ ዓይነቶች አሉት። ታዋቂው በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ የተጀመረውና በ2004 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኡቡንቱ ነው። እኔ ለቤተሰብ የምመርጠው ግን ሊኑክስ ሚንትን ነው። መልኩ ከዊንዶውስ ጋር ስለሚቀራረብ (ከታች ግራ ማውጫ፣ ከታች ቀኝ ሰዓት) አባትዎ ወይም ልጅዎ ቢከፍቱት ግራ አይጋቡም። ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፣ 4 ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ሁለቱም በነጻ ነው የሚገኙት። እንጀራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ «ነጻ» የሚል ቃል ስሰማ ቀድሜ የምፈልገው ከታች በትንሹ የተጻፈውን ነው። እዚህ ላይ ያለው ትንሽ ጽሑፍ ይህ ነው፦ ገንዘብ አይጠይቅዎትም፣ ጊዜና ጥንቃቄ ግን ይጠይቅዎታል። ጥንቃቄው ከጎደለ ደግሞ የሚከፈለው በፎቶ ነው።

ዊንዶውሱን ለምን አናጠፋውም?

ሊኑክስ እንዲህ ጥሩ ከሆነ አሮጌውን ቤት አፍርሶ በአዲሱ መግባት አይሻልም? ለአንዳንዱ ይሻላል። ለአብዛኛው የእኛ አገር ቤተሰብ ግን አይመስለኝም። በቤት ውስጥ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ካለ ፒችትሪ አለ፤ ፒችትሪ ደግሞ የዊንዶውስ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት ኦፊስም ለሊኑክስ አልተሠራም። ሊኑክስ ላይ ያለው ሊብሬኦፊስ የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፣ ግን ሠንጠረዥ የበዛበት የቢሮ ሰነድ መስመሩን ሊስት ይችላል። ለልጅ የቤት ሥራ ችግር የለውም፤ ነገ ጠዋት ለጨረታ ለሚገባ ሰነድ ግን አልሞክረውም። ከትንንሾቹ የቤት ፕሪንተሮችም ከሊኑክስ ጋር የማይግባቡ አይጠፉም።

በሌላ በኩል ቤተሰብ በየቀኑ የሚያደርገው አብዛኛው ነገር ሊኑክስ ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። ክሮምና ፋየርፎክስ አሉ፣ ዙምም ቴሌግራምም የሊኑክስ ቅጂ አላቸው፣ ፊልም በቪኤልሲ ይታያል። ለልጆችማ ከዚህ የተሻለ ቤት ያለ አይመስለኝም። ጂኮምፕሪ የሚባለው ፕሮግራም ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ከመቶ በላይ የቁጥር፣ የፊደል፣ የሳይንስና የማስታወስ ጨዋታዎች አሉት፤ ስሙ በፈረንሳይኛ «ገባኝ» ከሚለው አነጋገር የተወሰደ የቃላት ጨዋታ ነው። ታክስ ፔይንት ለሥዕል ነው። ሁሉም ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ «አሁን ይግዙ» ነው የሚመጡት። ማስታወቂያ የሚሸጥ ሰው ይህን ሲያመሰግን መስማት ይገርምዎት ይሆናል።

ሌላው ጥቅም የፍላሽ ቫይረስ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት፣ እርስዎም ከፎቶ ኮፒ ቤት ይዛችሁ የምትመጡት፣ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ዓይነት። እነዚህ የተጻፉት ለዊንዶውስ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ ሲከፈቱ አይነሱም። ፍላሹ ግን ተፈወሰ ማለት አይደለም፤ መልሰው ዊንዶውሱ ላይ ከሰኩት ያው ነው።

ለማን እንደማይሆን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ንብረት ከሆነ አይንኩት። 128 ጊጋባይት ብቻ ያለውና እሱም የሞላ ከሆነ ለሰርቪስ የሚሆን ቦታ የለዎትም። ቤት ውስጥ ያለችው ኮምፒውተር እሷ ብቻ ከሆነችና በዚህ ሳምንት የሚያስረክቡት ሥራ ካለ፣ ሳምንቱ ይለፍ። ማክ ከሆነ ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰር ወደ አፕል የራሱ ቺፕ ከተሸጋገረበት ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ያሉት ሌላ ጉዳይ ስለሆኑ እዚህ አላነሳቸውም። ላፕቶፕዎ አሁንም በድሮው ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነና ችግርዎ መንቀርፈፍ ብቻ ከሆነ፣ ሊኑክስን ከማሰብዎ በፊት ኤስኤስዲ ያስገቡለት። ለፍጥነት ከሱ የሚበልጥ መድኃኒት የለም።

ከመንካትዎ በፊት

መጀመሪያ ፎቶዎቹ። ይህን ክፍል የሚዘል አንባቢ ቀሪውን ባያነበው ይሻላል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዋሱ ወይም ይግዙ፤ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ሰነድ፣ የፒችትሪ ባክአፕ፣ ሁሉንም ይገልብጡ። ከዚያ ሃርድ ዲስኩን ነቅለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩትና ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይሎች ከፍተው ይዩ። ተገልብጧል ብሎ ማመንና ከፍቶ ማየት የተለያዩ ናቸው። ቴሌግራም ላይ የላኩት ፎቶ ደግሞ ጥራቱ የተቀነሰ ነውና እንደ ቅጂ አይቁጠሩት።

ሁለተኛው ቢትሎከር ነው። አንዳንድ ዊንዶውሶች ዲስኩን ባለቤቱ ሳያውቅ ቆልፈው ይይዙታል። በአዘቦት ቀን ቁልፉን ስለማይጠይቁ መኖሩንም አያውቁትም። የኮምፒውተሩን አነሳስ ሲነካኩ ግን በሰማያዊ ገጽ ላይ ባለ 48 አኃዝ ቁጥር አምጡ ይልዎታል፤ ቁጥሩ ከሌለ ፋይልም የለም። ስለዚህ አስቀድመው ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ወይም «ቢትሎከር» የሚል ይፈልጉ። በርቶ ከሆነ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ያስቀምጡት። በማይክሮሶፍት አካውንት የገቡ ከሆነ ብዙ ጊዜ አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጦ ያገኙታል።

ሦስተኛው «ፋስት ስታርታፕ» የሚባለው ነው፤ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ከኃይል አማራጮቹ ሥር ይገኛል። ይህ ሲበራ ዊንዶውስ «ጠፋሁ» ቢልም በደንብ አይጠፋም፤ ቶሎ ለመነሳት ብሎ ግማሽ ልቡን ዲስኩ ላይ አስቀምጦ ያንቀላፋል። ሊኑክስ በዚህ መሐል ገብቶ የዊንዶውሱን ፋይል ቢነካካ ጉዳት ሊመጣ ይችላል። ያጥፉት።

አራተኛው መብራት ነው። ውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አያነሱትም፤ እኛ ግን ማንሳት አለብን። ዲስክ በሚከፈልበት ሰዓት መብራት ቢሄድ በግማሽ የተዛወረ ዕቃ በግማሽ የተሠራ ቤት ውስጥ ይቀራል። ላፕቶፕዎ ባትሪው የሞተና ቻርጀሩ ሲነቀል አብሮ የሚጠፋ ዓይነት ከሆነ ከዴስክቶፕ ለይተው አይዩት፤ ሁለቱም ዩፒኤስ ይፈልጋሉ። ዩፒኤስ ከሌለዎት ያለው ጓደኛ ቤት ይሂዱ። ባትሪው ደህና ከሆነ ሙሉ ቻርጅ አድርገው፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሥሩ። ሰፈርዎ መብራት የሚሄድበት ሰዓት ከታወቀ ያንን ሰዓት ይሽሹ።

ሥራው

ቦታ መከለሉን ከዊንዶውሱ ውስጥ ሆነው ቢያደርጉት ይሻላል፤ ቤቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። የዊንዶውስ ቁልፉንና ኤክስን አንድ ላይ ይጫኑና «ዲስክ ማኔጅመንት»ን ይክፈቱ። ሲ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ሽሪንክ ቮልዩም» የሚለውን ይምረጡ። መጠኑን የሚጠይቅዎት በሜጋባይት ነው፤ 60 ጊጋባይት ከፈለጉ 61440 ብለው ይጻፉ። ሚንት ከ20 ጊጋባይት ጀምሮ ይገባል፣ 100 ቢሰጡት ደስ ይለዋል፤ 60 ለልጆች ፕሮግራሞችና ለጥቂት ፊልም ይበቃል። ሲጨርሱ በጥቁር መስመር የተመለከተ «አንአሎኬትድ» የሚል ባዶ ቦታ ያያሉ። ፎርማት አያድርጉት፣ ስምም አይስጡት። እንዲሁ ባዶውን ይተዉት።

ቀጥሎ የሚንትን ፋይል ማውረድ ነው። 3 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ኡቡንቱን ከመረጡ 6 ይጠጋል። በሞባይል ዳታ ሳይሆን በዋይፋይ ያውርዱት። 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ያዘጋጁና «ሩፈስ» በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ፋይሉን ወደ ፍላሹ ያስገቡት። ፋይሉን ኮፒ ፔስት ማድረግ ብቻ አይሠራም። ሩፈስ ፍላሹን ሙልጭ አድርጎ ስለሚያጠፋው ውስጡ መዝሙርም ይኑር ሰነድ አስቀድመው ያውጡ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ፍላሹን ሰክተው፣ ሲያበሩት ወዲያው የማስነሻ ቁልፉን ደጋግመው ይጫኑ። ዴል፣ ሌኖቮና ኤሰር አብዛኞቹ ኤፍ12 ናቸው፤ ኤችፒ ኤፍ9፤ አሱስ ላፕቶፕ ኢኤስሲ። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ሲመርጡ ሚንት ከፍላሹ ላይ ይነሳል፤ ዲስክዎን እስካሁን አልነካም።

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ይህ ደረጃ የመኪና ሙከራ ማለት ነው። ዋይፋዩን ያገናኙ፣ ቪዲዮ ከፍተው ድምፅ ይስሙ፣ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ከፍ ያድርጉ፣ ካሜራውን ይሞክሩ፣ ፕሪንተር ካለ ይሰኩት። ልጆቹን ጠርተው ያስነኩት። አልወደዱትም? ፍላሹን ነቅለው ሪስታርት ያድርጉ፣ ዊንዶውስዎ እንዳለ ይጠብቅዎታል። አንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ፣ በተለይ የብሮድኮም የዋይፋይ ቺፕ ባላቸው፣ ዋይፋዩ አልገናኝ ሊል ይችላል። መፍትሔ አለው፣ ግን ቤት አፍርሶ ከማወቅ በሙከራው ማወቅ ይሻላል።

ከወደዱት «ኢንስቶል» የሚለውን ይክፈቱ። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፦ ቋንቋ፣ ኪቦርድ፣ የሰዓት ክልል። አንድ ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ሰው ዝም ይበል፣ ቴሌቪዥኑም ይቀነስ። ገጹ ሊኑክሱ የት ይግባ ብሎ ይጠይቅዎታል። የሚፈልጉት «ኢንስቶል አሎንግሳይድ» ብሎ የሚጀምረውን ነው፤ ከዊንዶውሱ ጎን አስገባ ማለት ነው። አጠገቡ «ኢሬዝ ዲስክ» የሚል አለ። ይህ ሁሉንም አጥፍተህ ግባ ማለት ነው።

ይህን ለብቻው የማነሳው በእኛ አገር ልማድ ምክንያት ነው። ኮምፒውተር ቤት ስንሄድ «ሲ ብቻ ነው ፎርማት የሚደረገው፣ ዲ ላይ ያለው አይነካም» ሲባል ነው ያደግነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ፎቶውን ዲ ላይ አስቀምጦ በሰላም ይተኛል። «ኢሬዝ ዲስክ» ግን ሲና ዲ የሚባል አያውቅም። ዲስኩ አንድ ከሆነ ሁለቱም ይሄዳሉ። «አሎንግሳይድ» የሚለው አማራጭ ጨርሶ ካልመጣልዎት መጫኛው ዊንዶውሱን አላየውም ማለት ነው። እዚያ ላይ ያቁሙ፣ ፍላሹን ይንቀሉ፣ ባለሙያ ያማክሩ። ሌላ ነገር እየጫኑ መሞከር አይገባም።

ባለሙያ ዘንድ ከሄዱም የሚጠይቁት ጥያቄ ይኑርዎት። ብዙ ቴክኒሻን ለማንኛውም ሕመም የሚሰጠው መድኃኒት ፎርማት ነው፤ ፈጣንና የለመደው ስለሆነ ነው እንጂ ክፋት የለውም። «ዊንዶውሴ እንዳለ ሆኖ ከጎኑ ሚንት አስገባልኝ፣ ባክአፑን እኔ ይዣለሁ፣ ስትጨርስ ሁለቱንም አስነስተህ አሳየኝ» ይበሉት። ፊቱን አይተው መልሱን ያገኛሉ።

ከገባ በኋላ

ከሃያ ሠላሳ ደቂቃ በኋላ ፍላሹን ነቅለው ሲያስነሱት አዲስ ገጽ ይቀበልዎታል። ግራብ ይባላል፤ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ እሱ ነው። ለጥቂት ሰኮንዶች ይጠብቅና ዝም ካሉት ሊኑክስን ይከፍታል። በታች ቀስት ወደ ዊንዶውስ መሄድ ይቻላል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ገጽ አንድ ጊዜ ይየው፤ ካልሆነ እርስዎ ሥራ ላይ እያሉ «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» የሚል ስልክ ይደወልልዎታል።

አንድ ቀን ደግሞ ዘበኛው ሊጠፋ ይችላል። ትልልቅ የዊንዶውስ አፕዴቶች አልፎ አልፎ ራሳቸውን ከፊት ያስቀምጣሉ፤ ማሽኑ በቀጥታ ዊንዶውስ ውስጥ ይገባል። ሊኑክሱ አልጠፋም፤ በማሽኑ ሴቲንግ የማስነሻ ተራውን መመለስ ነው። የባሰም ታይቷል፦ በነሐሴ 2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ አንድ የዊንዶውስ የደህንነት አፕዴት በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ ያለውን ሊኑክስ ጨርሶ እንዳይነሳ አድርጎት ነበር። ሁለት ቤት ያለው ሰው ይህን ዓይነት የጎረቤት ጭቅጭቅ አንዳንዴ ይችላል።

የሰዓቱ ነገር ግን የእኛ የራሳችን ቀልድ ነው። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በግሪንዊች ያስቀምጠዋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገር ውስጥ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ዊንዶውስን ሲከፍቱ ገና እኩለ ቀን ነው ሊልዎት ይችላል። በአበሻና በፈረንጅ ሰዓት መሐል ስንሰላ ለኖርን ሰዎች ሦስተኛ አቆጣጠር ተጨመረልን ማለት ነው። ለፊልም ምንም አይደለም። ሌሊት ሒሳብ ለሚያስገባ ሰው ግን የደረሰኙ ቀን የትናንት ሊሆን ይችላል። ሊኑክሱን የአገር ውስጥ ሰዓት እንዲጠቀም የሚያደርግ አንድ መስመር ትእዛዝ አለ፤ ቴክኒሻኑ ሳይሄድ ያስደርጉት።

አማርኛ ይጻፋል። በኪቦርድ ምርጫው ውስጥ አማርኛን ሲጨምሩ ድምፁን በላቲን ሲጽፉ ፊደሉ ይወጣል፤ ስልክ ላይ የለመደ ሰው በአንድ ቀን ይላመደዋል። ዊንዶውስ ላይ በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ ግን ፎንቱ ሊኑክሱ ላይ ስለሌለ በሌላ ይተካና መልኩ ይለወጣል፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የሚባሉትን ነጻ ፎንቶች ሁለቱም ቤት ላይ ቢያስገቡ ይስማማሉ። በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ካሉዎት ፎንቱ በሌለበት የማይነበብ ምልክት ብቻ ነው የሚያዩት፤ እነሱን ዊንዶውሱ ላይ ይክፈቷቸው።

ወላጆች ብዙ ጊዜ ተሳስተው የሚረዱት አንድ ነገር አለ። «ልጆቹ ሊኑክስ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ፋይሌን አይነኩም» ማለት ትክክል አይደለም። ዊንዶውስ የሊኑክሱን ቤት ውስጡን አያይም፤ ሊኑክስ ግን ዊንዶውሱ በቢትሎከር ካልተቆለፈ በቀር ዲስኩን ከፍቶ ፎቶውንም ሒሳቡንም ያያል፣ መሰረዝም ይችላል። የዊንዶውሱ ፓስወርድ እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ለልጆቹ የራሳቸው ተራ አካውንት ይክፈቱላቸው፣ አስተዳዳሪው እርስዎ ይሁኑ፣ የአስተዳዳሪውንም ፓስወርድ የልጅዎ የልደት ቀን አያድርጉት። እሱን መጀመሪያ የሚሞክሩት እነሱው ናቸው።

ከወራት በኋላ ቦታው ካስፈለገዎትና ሰርቪሱን ማፍረስ ከፈለጉ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። መጀመሪያ በማሽኑ ሴቲንግ «ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር»ን ከተራው ፊት ያምጡና ኮምፒውተሩ በቀጥታ በዊንዶውስ መነሳቱን ያረጋግጡ። ከዚያ በኋላ ነው ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ የሊኑክሱን ክፍል ሰርዘው ሲ ላይ «ኤክስቴንድ ቮልዩም» የሚሉት። ተራው ከተገላበጠ ዘበኛው በሩ ላይ ይቀርና የሚያስገባበት ቤት ያጣል፤ እርስዎም ጥቁር ስክሪን ላይ ብልጭ የምትል ነጭ ምልክት እያዩ ይቀመጣሉ። ያኔም ፋይልዎ አልጠፋም፤ ቅድም የነገርኩዎትን የማስነሻ ቁልፍ ተጭነው ከዝርዝሩ ዊንዶውስን ይምረጡ።